ጠመንጃውን ላስረከበ ወታደር እርፉን ማን ያስጨብጠው?

ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ፣ ጦርም ማጭድ ስለሚሆንበት ዘመን ተናግሯል። ሰላም በተባለ ቁጥር ይህን ቃል የማያነሣ ተናጋሪ የለም። ዳሩ ግን ቃሉን የሚያነሡት ሰዎች የሚያስቡት ስለ ብረቱ ብቻ ይመስለኛል። የብረቱ ነገር ቀላል ነው። ወናፍና መዶሻ ያለው ቀጥቃጭ ሰይፉን በአንድ ማለዳ ማረሻ አድርጎ ያወጣዋል። አስቸጋሪው ሰይፉን ይዞ የኖረው ሰው ነው። እርሱን ገበሬ ለማድረግ ማለዳ አይበቃም፤ አንድ ዓመትም ላይበቃ ይችላል። ይህን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ጦርነት ባለቀ ጊዜ የሚሆነውን እናውቃለን። ጠመንጃው ይቆጠራል፤ ቁጥሩም በመዝገብ ይገባል። ወታደሩ ግን ጥቂት ብርና አንድ የምስክር ወረቀት ይሰጠውና «እንግዲህ አገርህ ግባ» ተብሎ ይሸኛል። ይህንንም «ማቋቋም» እንለዋለን። እኔ ግን ይህ ማቋቋም ሳይሆን መበተን ነው እላለሁ። ለዓመታት መተኮስ ብቻ የተማረን ሰው እርሻ ሳያስተምሩ ወደ እርሻ መስደድ፣ ዋና የማያውቀውን ሰው ከእሳት አውጥቶ ወንዝ ውስጥ እንደ መጣል ነው።

ለዚህ ጥፋት ምክንያት የሆኑ ሦስት አባባሎች በመካከላችን ሥር ሰደዋል። አንደኛው «መሬት ከተሰጠው ይበቃዋል» የሚል ነው። ሁለተኛው «እርሻ ትምህርት አያሻውም» የሚል ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ጠመንጃ የጨበጠ እጅ እርፍ ቢጨብጥ ውርደት ነው» የሚል ነው። ሦስቱንም በየተራ እንመርምራቸው።

መሬት ከተሰጠው ይበቃዋል የሚሉት ሰዎች አገራችን ይህን ነገር ቀድሞ እንደ ሞከረችው የረሱ ናቸው። ኢጣሊያ በ1933 ዓ. ም. ከተባረረ በኋላ፣ ከ1934 ዓ. ም. ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለአርበኞች፣ ከስደት ለተመለሱ ሰዎች፣ ለወታደሮችና በጦርነቱ ለሞቱት ቤተ ሰቦች መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። ስጦታው አንድ ጋሻ ነበር፤ ይህም ወደ 40 ሄክታር ይሆናል። አሳቡ መልካም ነበረ። አምስት ዓመት በዱር በገደል ለተዋደቀ ሰው ቢሰጠው የሚበዛበት ነገር የለም።

ነገር ግን የሆነውን ተመልከቱ። መሬት ከተሰጣቸው ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው አላረሱትም። ከተማ ተቀምጠው ለጭሰኛ ሰጡትና የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ይቀበሉ ጀመር። ከዚህም የባሰ ነገር ነበረበት። በስጦታ ከወጣው መሬት ብዙው ባዶ ምድር አልነበረም፤ አባቶቹ ሲያርሱት የኖሩ ሰው በላዩ ነበረ። ያ ሰው በገዛ መንደሩ ጭሰኛ ሆነ። እንግዲህ መንግሥት ወታደሩን ገበሬ አደርጋለሁ ብሎ ባለ መሬት አደረገው፤ ገበሬውንም ቅሬታ ያዘለ ሰው አደረገው። ቂሙ ሲጠራቀም ኖሮ «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጩኸት በ1957 ዓ. ም. በተማሪዎች አፍ ተሰማ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. በወጣው አዋጅም ጭሰኝነት ቀረ፤ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። የስጦታው ወረቀት በሣጥን ውስጥ ቀረ። ልብ በሉ፤ ያ አዋጅ ራሱ ለሚያርስ ሰው እስከ 10 ሄክታር ይፈቅድ ነበር። ባለ ጋሻው ከመጀመሪያው በእጁ ያረሰ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚያርሰውን ባላጣ ነበር።

ይህ ጥፋት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጥንት ሮማውያንም በዚሁ ተሰናክለዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ዓመት ኪንኪናቱስ የሚባለው ሰው ከእርሻው ላይ ተጠርቶ ሠራዊት እንደ መራ፣ ጠላትን ድል አድርጎ ሹመቱን እንደ መለሰና ወደ እርሻው እንደ ገባ ይተረካል። ይህ ታሪክ ለወጣቶች የሚነገረው ስለ ትሕትና ነው። ነገር ግን ሌላም ትምህርት አለበት፤ ኪንኪናቱስ ወደ እርሻው ለመመለስ የቻለው ሲሄድም ገበሬ ስለ ነበረ ነው። ከእርሱ ብዙ ዘመን በኋላ የመጣው ሱላ ግን ሌላ ነገር አደረገ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ82 ዓመት የእርስ በርስ ጦርነቱን አሸንፎ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ መሬት ከሰው ላይ እየነጠቀ ለወታደሮቹ አደለ። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ግን ዕድሜያቸውን በሰፈር ያሳለፉ፣ ምርኮ መከፋፈል እንጂ ዘር መቆጠብ ያልለመዱ ሰዎች ነበሩ። ኖሩበት፣ ተበደሩበት፣ ዕዳ ዋጣቸው። ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ በ63 ዓመት ካቲሊና በመንግሥት ላይ ባመፀ ጊዜ በኤትሩሪያ ለዐመፁ የተሰለፉት እነዚያው በዕዳ የተያዙ የሱላ ወታደሮች ነበሩ። መሬት የተነጠቁትም ገበሬዎች አብረዋቸው ተሰለፉ። ነጣቂና ተነጣቂ በአንድ ሰልፍ ቆሙ ማለት ነው። መሬትን ያለ ሙያ መስጠት ፍጻሜው ይህን ይመስላል።

ወደ ሁለተኛው አባባል እንለፍ። እርሻ ትምህርት አያሻውም፣ ከገጠር የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል ይላሉ። ይህን የሚል ሰው እርፍ ጨብጦ አያውቅም።

ጤፍን ብቻ እንውሰድ። መሬቱ ሦስትና አራት ጊዜ፣ በአንዳንድ አገርም አምስት ጊዜ ይታረሳል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ጠልቆ ከገባ አይበቅልም፤ ላይ ላዩን ከቀረ ደግሞ ጎርፍ ይወስደዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ገበሬ ከመዝራቱ በፊት መሬቱን በከብት ያስረግጣል። ዋልካ መሬት ውሃ ስለሚቋጥር ቦይ ወጥቶለት መጠንፈፍ አለበት። የሚዘራበትም ቀን የሚታወቀው በአቆጣጠር ብቻ ሳይሆን በአፈሩ ርጥበት ነው። በሬም እንዲሁ ነው። በስተቀኝ መጠመድ የለመደ በሬ በግራ ሲያደርጉት ይለግማል። ቀንበሩ ጫንቃውን ከላጠው የዓመቱ እርሻ ቀረ ማለት ነው። ወገሉ ሲላላ፣ ምራኑ ሲበጠስ፣ ሞፈሩ ሲሰበር እሜዳ ላይ የሚጠግነው ገበሬው ራሱ ነው። ይህ ሁሉ ሙያ ካልሆነ ሙያ የሚባለው ምንድን ነው?

የገበሬ ልጅ ይህን የሚማረው ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ከአባቱ ኋላ እየሄደ ነው። መጀመሪያ ጥጃ ይጠብቃል፤ ቀጥሎ ከብት ያግዳል፤ ጉልበቱ ሲጠና እርፉን ይቀበላል። እርፉን ሊቀበል በደረሰበት ዕድሜ ወደ ጦር የተወሰደ ልጅ ግን ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ ነው። እናንተ አንባቢዎች ከስምንተኛ ክፍል የወጣን ልጅ ከዐሥር ዓመት በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ፈተና ቢያስቀምጡት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ወታደሩን ግን እንደዚያ አድርገን ካስቀመጥነው በኋላ «ሰነፍ ነው» ብለን እንፈርድበታለን።

በ1983 ዓ. ም. የሆነው ይኸው ነው። በዚያ ዓመት የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። በሰኔ ወር የቀድሞውን ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ይህም ኮሚሽን ወደ ገጠር ለሚመለሱት ቀለብ፣ ዘር፣ ማዳበሪያና የእጅ መሣሪያ፣ ለአንዳንዶቹም በሬ ሰጥቷል። ካዝናው ባዶ በሆነ አገር ይህን ያህል መደረጉ ያስመሰግናል፤ እኔም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ዘሩን የሰጠ ሁሉ አዘራሩን አልሰጠም።

ከእነዚያ ወታደሮች ሁለቱን አውቃቸው ነበር። ሁለቱም የአንድ ወረዳ ልጆች ነበሩ። ሁለቱም በ1975 ዓ. ም. በወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ መሠረት ለሠላሳ ወር ተብለው ሄደው፣ ጦርነቱ ሳይለቃቸው ዓመታት አሳልፈው ተመለሱ። አንደኛው ደፋርና ኩሩ ሰው ነበር። አንድ በሬ ተሰጠው። አንድ በሬ ብቻውን አይጠመድምና መቀናጆ ፈለገ፤ ጎረቤቶቹ ግን በሬያችንን ያበላሽብናል ብለው ፈሩ። እስኪያገኝ ድረስ የዘር ጊዜው አለፈ። ዘግይቶ ዘራ፤ አረሙም ቀደመው። ማንንም መጠየቅ አፍሮ በሁለተኛው ዓመት በሬውን ሸጠ። በሦስተኛው ዓመት ከተማ ገብቶ የሰው መጋዘን የሚጠብቅ የሌሊት ዘበኛ ሆነ። ከዘበኝነቱ በኋላ ያገኘሁት ጊዜ የነገረኝ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ «ጦር ሜዳ ላይ ያልፈራሁትን ሰው፣ ማሳዬ ላይ ሲስቅብኝ ፈራሁት» አለኝ።

ሁለተኛው ከእርሱ የበለጠ ብልህም ጎበዝም አልነበረም። ነገር ግን በመጣ በሳምንቱ ወደ አማቱ ሄደና፣ «አባባ፣ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ያስተምሩኝ» አላቸው። ሽማግሌውም አንድ ዓመት ሙሉ ከእርሳቸው ማሳ ላይ አሳረሱት። ሲሳሳት ይቆጡታል፤ ሲያቀና ዝም ይላሉ። በሁለተኛው ዓመት በራሱ መሬት ላይ ዘራ። እስካሁን ገበሬ ነው። የሁለቱን ዕድል የለየው ጀግንነት አይደለም፤ መሬቱም አይደለም። አንዱ አስተማሪ አገኘ፣ ሌላው አላገኘም። ታዲያ የአንድ ሰው ኑሮ መልካም አማት በማግኘትና ባለማግኘት የሚወሰን ከሆነ መንግሥትና ማኅበር ለምን ተፈጠሩ?

ማስተማር ለውጥ ያመጣል ለሚለው ቃሌ የሩቅ አገር ምስክር ልጥቀስ። አውስትራሊያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ 37 ሺህ ያህል ተመላሽ ወታደሮችን በእርሻ ላይ አሰፈረች። ከእነርሱ ብዙዎቹ እርሻውን ትተው ሄዱ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ዓ. ም. ፓይክ የተባለ ዳኛ ነገሩን መርምሮ ኪሳራው ወደ 23 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ መድረሱን አሳወቀ። ምክንያቱንም ዘረዘረ፤ ሰፋሪው መነሻ ገንዘብ አልነበረውም፤ የተሰጠው መሬት ቤተ ሰብ ለማኖር አይበቃም ነበር፤ የእርሻው ምርት ዋጋ ወደቀ፤ ሰፋሪዎቹም ብዙዎቹ ለእርሻ ሥራ የሚሆኑ አልነበሩም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ግን ያው መንግሥት አመልካቾቹን መረጠ፤ ልምድ የሌላቸውን አሠለጠነ፤ ማሳውንም አሰፋ። ስለዚህ የሁለተኛው ጊዜ ሰፈራ ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ ሆነ። ወታደሩ ያው የአንድ አገር ሰው ነው፤ የተለወጠው አሰናዳዱ ነው። ሌላው ሕዝብ ከስሕተቱ በአንድ ትውልድ ሲማር እኛ ስንት ትውልድ እንፈልጋለን?

አሁን ወደ ሦስተኛው አባባል ደረስን። ይህ ከመንግሥት ቤት ሳይሆን ከእኛው አፍ የሚወጣ ስለ ሆነ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ጠመንጃ የጨበጠ እጅ እርፍ ቢጨብጥ ይዋረዳል ይባላል። ይህ አስተሳሰብ ከየት መጣ? በጥንት ዘመን ወታደር የሚኖረው ገባሩ ቤት ተሰርቶ፣ የገባሩን እህል በልቶ ነበር። «ጨዋ» የሚለው ቃል ራሱ በድሮ ጊዜ የወታደር ስም ነበረ። እንግዲህ የሚበላው ጨዋ፣ የሚያበላው ባላገር ተባለ። ሥርዓቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን በልባችን ቀርቷል። አብልቶ ያሳደገውን እጅ መናቅ ጨዋነት ከሆነ ብልግና የሚባለው ምን ሊሆን ነው?

ይህን ንቀት አንድ ታላቅ ወታደር በሥራው አፍርሶታል። ክፉ ቀን በተባለው የረሃብ ዘመን፣ በከብት በሽታ በሬው ሁሉ አልቆ ማሳው ጦም ባደረ ጊዜ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል። መኳንንቱና ወታደሩ ንጉሡን አይተው እንዲቆፍሩ ነው። እኒያ ዶማ የጨበጡ እጆች ናቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1888 ዓ. ም. በዓድዋ ድል ያደረጉት። ዶማው ጀግንነታቸውን ቀነሰባቸውን? ለንጉሠ ነገሥት ያላነሰ ዶማ ለተራ ወታደር እንዴት ያንሰዋል?

ነገር ግን አንዳንዶች ከዚህ ቃሌ ተነሥተው «እንግዲያው ወታደሩን ሁሉ በትእዛዝ እርሻ ላይ እናሰማራው» እንዳይሉ እፈራለሁ። ይህ ሌላ ጥፋት ነው። በጎረቤታችን በኤርትራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ዓ. ም. የወጣው ሕግ የብሔራዊ አገልግሎትን ዘመን 18 ወር አድርጎት ነበር። ከ1998 ጦርነት ወዲህ ግን አገልግሎቱ ማብቂያው የማይታወቅ ሆኖ፣ ወጣቶች በእርሻና በግንባታ ሥራ ላይ ለዓመታት እንዲቆዩ ተደርገዋል። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎችም የግዳጅ ሥራ ብለውታል። ማሠልጠን ሰውየው ለራሱ እንዲቆም ማድረግ ነው፤ ማስገደድ ግን የደንብ ልብሱን አስወልቆ ወታደርነቱን ማስቀጠል ነው። ገበሬ በፈቃዱ የሚያርስ ሰው ነው። በትእዛዝ የሚያርስ ሰው ትእዛዙ የቀረ ቀን እርፉን ይጥለዋል።

ሌላም እውነተኛ መቃወሚያ አለ። «መሬቱ የት አለ?» የሚል ነው። ልክ ነው። ለአርበኛው 40 ሄክታር የተቆረሰበት ዘመን አልፏል። ዛሬ የአንድ ገበሬ ይዞታ በአማካይ ከአንድ ሄክታር አይበልጥም። ከድሃው ነጥቆ ለወታደሩ መስጠትም ምን እንደሚያመጣ ከላይ አይተናል። ነገር ግን የመሬት ማነስ ትምህርትን ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያስቀረውም። ብዙ መሬት ያለው ሰው ሳይማር ቢሳሳት ትርፉ ያድነዋል፤ ጥቂት መሬት ያለው ሰው ግን አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ይራባል። ንብ ማነብ፣ ዶሮ ማርባት፣ ከብት ማደለብ፣ አትክልትን በመስኖ ማልማት፣ ችግኝ ማፍላት ሰፊ ማሳ አይጠይቁም፤ ዕውቀት ግን ይጠይቃሉ። እግሩን በፈንጂ ያጣ ሰው ከበሬ ኋላ ባይሄድም ቀፎ ለመጠበቅ አያንስም። ጠመንጃ ይዘው የተዋጉ ሴቶችም ብዙ ናቸው። በልማድ እርፍ ለሴት አይሰጥም ተብሎ እነርሱን ከሥልጠናው ማስቀረት በደል ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ አለፈ ነገር ብቻ አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ. ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የሰሜኑን ጦርነት ካስቆመ በኋላ፣ ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ በልዩ ልዩ ክልሎች ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። በትግራይም በኅዳር 2017 ዓ. ም. ሥራው ተጀምሯል። ይህ ቁጥር የሰው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ እናት አለው፤ አብዛኛውም የገበሬ ልጅ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ የምለው ይህ ነው። መጀመሪያ ሰውየው ይጠየቅ፤ እርሻ የማይወድ ሰው ሌላ ሙያ ይማር። እርሻን የመረጠ ግን ከመጀመሪያው እርሻ እስከ አውድማ ድረስ አንድ ሙሉ ክረምትና በጋ ቀለቡ እየተሰጠው ይማር። የጥቂት ቀን ስብሰባ ሥልጠና አይባልም። ለዚህ አዲስ ቤት መሥራት አያስፈልግም። በየገጠሩ ቀበሌ የገበሬዎች ማሠልጠኛ የሚሆኑ ቦታዎች ተዘጋጅተዋል፤ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎችም ተመድበውባቸዋል። በአምቦ፣ በጅማና በዓለማያ የተመሠረቱት የቀድሞ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች ሆነዋል፤ ዕውቀቱ አለ ማለት ነው። ከባለሙያው ጋር ደግሞ በመንደሩ የታወቀ አንድ አራሽ ጥቂት አበል ተቆርጦለት ወታደሩን አጠገቡ ያሳርሰው። አማቱን ያገኘው ወታደር የዳነው በዚህ መንገድ ነውና። በሬና ገንዘብ ከትምህርቱ በፊት ሳይሆን በኋላ ይሰጥ። እንዲህ ከሆነ በሬው ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ማሳ ይነዳል።

ወጪው ይበዛል የሚል ይኖራል። አዎን፣ ይበዛል። ነገር ግን ለመተኮስ ያሠለጠነውን ጊዜ መንግሥት ወጪው በዛብኝ አላለም። ሰውን ለመግደል ወራት የሚያስተምር አገር፣ ሰውን ለማኖር አንድ ዓመት ማስተማርን ብክነት ካለው አእምሮው ታሟል። ሥራ ያጣ ወታደር ወደ ምን እንደሚመለስ ደግሞ ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። የሚያውቀው አንድ ሙያ ብቻ ነው፤ የሚቀጥረውም አይጠፋም።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። መንግሥት የሚሠራውን መንግሥት ይሥራ፤ እናንተ ግን የምትችሉት አንድ ነገር አለ። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው በማሳው ላይ ትልሙን ሲያጣምም ባያችሁ ጊዜ አትሳቁ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ለቢሮ ወንበር ማመልከቻ መጻፍ ታውቃላችሁ፤ ከምትበሉት እንጀራ ግን አንዱን እንኳ ከዘሩ እስከ ምጣዱ ልታደርሱት አትችሉም። ያ ሰው ሁለት ጊዜ ተማሪ ሆኗል፤ አንድ ጊዜ ሞትን ሊማር፣ አሁን ደግሞ በጎልማሳነቱ እንደ ሕፃን ሕይወትን ሊማር። ከሁለቱ ትምህርቶች ይበልጥ ድፍረት የሚጠይቀው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ በመንገድ ስታልፉ «እግዜር ይስጥልኝ» በሉት። የእርሻ ትምህርት የተማራችሁ ካላችሁ ደግሞ ወርዳችሁ ያወቃችሁትን አሳዩት።

ያኔ ሰይፉም ሰውየውም አብረው ማረሻ ይሆናሉ።